የዘንባባው ጥቁር ኪንታሮት

ጥያቄ፦ ግቢዬ ውስጥ ያለው ዘንባባ የታችኞቹ ቅጠሎቹ በጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ተሸፍነዋል። ሲዳሰሱ ይሻክራሉ፤ እጅ ላይም ቢጫ ዱቄት ይቀራል። አትክልተኛው «ከጫፎቹ በቀር ሁሉንም እንመልምለው» ይላል። ልስማው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይስሙት። ይህ ግራፊዮላ የሚባል ፈንገስ ነው፤ መልክ ያበላሻል እንጂ ዛፉን እምብዛም አይገድልም። ኪንታሮቱ ሲፈነዳ ቢጫ ክር መሳይ ነገር ያወጣል፤ እጅዎ ላይ የቀረው ዱቄት ዘሩ ነው። ፈንገሱ ቅጠል ውስጥ ከገባ በኋላ እስኪታይ 10 ወር ገደማ ይፈጅበታል። ዘንድሮ ያዩት አምና የገባው ነው፤ አዲሶቹ ቅጠሎች ንጹሕ የሚመስሉትም ለዚሁ ነው።

መጀመሪያ አንዱን ቅጠል ወደ ፀሐይ አንሥተው ይመልከቱ። ብርሃን የሚያሳልፍ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ካለበትና እሱም ሲዳሰስ ለስላሳ ከሆነ፣ ፖታሽየም የተባለው ተክሉ ከአፈር የሚያገኘው ማዕድን እጥረትም አለ። ዘንባባ ፖታሽየም ሲያጥረው ከአሮጌው ቅጠል መጥጦ ለአዲሱ ይሰጣል። አሮጌውን ሲቆርጡበት ከቀጣዩ መምጠጥ ይጀምራል፤ እንዲህ እያለ ዛፉ ይመነምናል። ስለዚህ የደረቁትንና ክፉኛ የተጎዱትን ብቻ ቆርጠው ያቃጥሉ፤ ኮምፖስት ውስጥ አይጨምሩ።

መጋዙ ከቅጠሉ በላይ ያሳስበናል። በተለይ ካናሪ የተባለውን የዘንባባ ዓይነት የሚያጠቃውን፣ ፉዛሪየም የተባለውን መድኃኒት የሌለው አድርቅ በሽታ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚያዳርሰው ያልጸዳ መጋዝ ነው። አንድ እጅ በረኪና በሦስት እጅ ውኃ በጥብጠው መጋዙን 5 ደቂቃ ይንከሩ፤ ከዚያ በውኃ ያለቅልቁት፤ በረኪና ብረት ያዝጋል።

የፈንገስ መከላከያው (የኮፐር) ርጭት ዝናቡ ሳይጠና፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ይጀመር። 50 በመቶ ኮፐር ኦክሲክሎራይድ ከሆነ በሊትር 3 ግራም፣ ለ15 ሊትር ፓምፕ 45 ግራም ይበቃል፤ ማሸጊያው ላይ ሌላ መጠን ከተጻፈ እሱን ይከተሉ። ጓንትና ጭምብል አድርገው፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ የቅጠሉን ጀርባም ያርሱ። በየሦስት ሳምንቱ ሦስት ጊዜ ይድገሙ። ኮፐር ጤነኛውን ቅጠል ይከላከላል እንጂ ያለውን ኪንታሮት አያጠፋም፤ በሳምንቱ ለውጥ ጠብቀው መጠኑን የሚጨምሩ ሰዎች ቅጠሉን ያቃጥሉታል። በበጋም ውኃውን እግሩ ሥር እንጂ ቅጠሉ ላይ አያርከፍክፉ።

ለሆሳዕና ቅጠል የሚቆርጡ ጎረቤቶች ካሉ ከመሃል የሚወጣውን ያልተዘረጋ ቅጠል አያስነኩ። አንዱ ግንድ የሚያድገው በዚያች ልቡ ብቻ ነው፤ እሷ ከበሰበሰች ሌላ አያበቅልም።