ከሀይዌይ ወጣ ብሎ፦ ስለ ሚድዌስት ትንንሽ ከተሞች ለጠየቃችሁኝ

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል የሚደርሰኝ ጥያቄ ይበዛል። ዘንድሮ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ በየገጠሩ ተደብቀው ስለቀሩ ታሪካዊ ቦታዎች ነው። ከልቤ ደስ ብሎኛል፤ እነዚህ ቦታዎች ጎብኚ ይገባቸዋል። አምስቱን ጥያቄዎች እነሆ።

"ልጆቼ 12 እና 15 ዓመታቸው ነው። በትምህርት ቤት ስለ አንደርግራውንድ ሬይልሮድ ተምረዋል። በአንድ ቀን ደርሰን የምንመለስበት፣ ታሪኩን በዓይናቸው የሚያዩበት ቦታ አለ?" (አንዲት እናት፣ ኮለምበስ ኦሃዮ)

አለ፤ ሪፕሊ ይውሰዷቸው። 62 ቁጥር መንገድ ከኮለምበስ እዚያው ድረስ ይወስድዎታል። ከሁለት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ከተማዋ ኦሃዮ ወንዝ ዳር ናት፤ ማዶው ኬንታኪ ነው። ያኔ በዚያኛው ዳርቻ ባርነት ሕጋዊ ነበር፣ በዚህኛው ግን ክልክል። ልጆቹ የተማሩት "ሬይልሮድ"ም ባቡር አልነበረም፤ አምላጮችን ከቤት ቤት እየደበቀ ወደ ሰሜን የሚያሳልፍ የሰዎች መረብ ነው።

ኮረብታው አናት ላይ የቄስ ጆን ራንኪን ቤት አለ። ራንኪን፣ ሚስቱና 13 ልጆቻቸው የኖሩበት ነው። ማታ ማታ መስኮቱ ላይ መብራት ያስቀምጡ ነበር። ወንዙን የተሻገረ ሰው ያንን እያየ ወደ ላይ ይወጣል። እርስዎም ከነልጆችዎ ከቤቱ ደጃፍ ቆማችሁ ቁልቁል ወንዙን እዩት። ርቀቱ እንዴት አጭር እንደሆነ፣ ለሚያመልጥ ሰው ደግሞ እንዴት ረጅም እንደነበር መጽሐፍ አያሳይም።

እኔ ግን ወንዙ ዳር ያለውን የጆን ፓርከርን ቤት አብልጬ እወዳለሁ። ፓርከር በ8 ዓመቱ ከእናቱ ተነጥሎ የተሸጠ ልጅ ነው። አላባማ ውስጥ የብረት ማቅለጥ ሙያ ተማረ። ሠርቶ ባጠራቀመው 1,800 ዶላር በ1845 ራሱን ገዝቶ ነፃ ወጣ። ከዚያ ሪፕሊ መጥቶ የብረት ማቅለጫ ከፈተ፤ ለፈጠራ ሥራዎቹም የባለቤትነት መብት አገኘ። ቀን የተከበረ ነጋዴ ነው። ሌሊት በጀልባ ኬንታኪ ተሻግሮ ሰው ይዞ ይመለሳል። የ1850ው የፌዴራል ሕግ አምላጭን የረዳ ሰው በነፃ ስቴትም ቢሆን እንዲቀጣ ያዝዝ ነበር። ፓርከር ንብረቱንም ነፃነቱንም ሊያጣ ይችል ነበር፤ አልተወም። ይህንን መኪና ውስጥ እያላችሁ ለልጆቹ ንገሯቸው፤ ቤቱን ሲያዩት ሌላ ይሆንባቸዋል።

ሁለቱም ቤቶች በየቀኑ አይከፈቱም። ከመነሳትዎ በፊት ይደውሉ።

"ትራክ እነዳለሁ። ካንሳስን በአይ-70 ስቆርጥ ከእርሻ በቀር የሚታይ አጣሁ። አሁን ቤተሰቤን ይዤ በዚያው ልነዳ ነው። የት ልቁም?" (ከዴንቨር)

ወንድሜ፣ ኒኮዲመስን ሳታይ አትለፍ። ዋኪኒ ላይ ከአይ-70 ውጣና ወደ ሰሜን ሂል ሲቲ ድረስ፣ ከዚያ በ24 ቁጥር ወደ ምሥራቅ ንዳ። አንድ ሰዓት ቢፈጅብህ ነው። በ1877 የተመሠረተች ናት። አብዛኞቹ መሥራቾቿ ከባርነት ወጥተው ገና 12 ዓመታቸው የሆነ የኬንታኪ ጥቁሮች ነበሩ። የራሳችሁ ከተማ ተብለው መጥተው የጠበቃቸው ዛፍ የሌለበት ሜዳ ነው። ቤት የሚሠሩበት እንጨት ስላልነበረ መሬት ቆፍረው ገቡበት። ዊሊያና ሂክማን የተባለች ሴት "ከተማው የታል?" ስትል ከመሬት የሚወጣ ጭስ አሳዩዋት። አለቀሰች። ግን አልተመለሰችም። እዚህ አገር የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፈ አበሻ ይህ ታሪክ በደንብ ይገባዋል።

ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት፣ ሆቴልና ጋዜጣ አቋቋሙ። በ1888 ግን የባቡር ሐዲዱ ከተማዋን ትቶ በሌላ በኩል አለፈ። ነጋዴው ጓዙን ነቅሎ ሄደ። ዛሬ የቀሩት አምስት አሮጌ ሕንፃዎችና ጥቂት ነዋሪዎች ናቸው። በጁላይ መጨረሻ ቅዳሜና እሁድ የመሥራቾቹ ዘሮች ከያሉበት ተመልሰው ይሰበሰባሉ፤ ከቻልክ ያኔ ሂድ። ነዳጅና ምግብ ከአይ-70 ሳትወጣ ያዝ።

ሥራ ወደ ኢሊኖይ ከወሰደህ ደግሞ አይ-72 አጠገብ፣ ባሪ አካባቢ፣ ኒው ፊላደልፊያ አለልህ። ቀያሹ ፍራንክ ማክዎርተር ባሪያ ሆኖ የተወለደ ሰው ነው። ከተማዋን በ1836 መሠረተ። ራሱንና 15 የቤተሰቡን አባላት በገንዘብ ነፃ አወጣ። ይህችንም ባቡሩ ዘለላት። የድሮ ቤቶቿ አልተረፉም፤ የምታየው ሜዳ ነው። በ2022 ግን ብሔራዊ ታሪካዊ ስፍራ ሆናለች። እኔ ይህ በጣም ዘገየ እላለሁ።

"ባለቤቴ የአፈር ክምር ለማየት አይዋ ድረስ እንንዳ ይላል። ያዋጣል?" (ከሴንት ፖል)

ያዋጣል። ኤፊጂ ማውንድስ የሚባለውን ማለቱ ነው፤ ከሚሲሲፒ ወንዝ በላይ ያለ ደን ነው። ከ200 በላይ ጉብታዎች አሉ፣ አንዳንዶቹ በድብና በወፍ ቅርጽ የተሠሩ። ትልቁ ድብ 42 ሜትር ገደማ ይረዝማል። የሠሩት የዛሬዎቹ የአገሬው ነባር ሕዝቦች አያቶች ናቸው። መቃብርም አለበትና ጉብታው ላይ መውጣት ነውር ነው። መንገዱ ዳገት ስለሆነ ጥሩ ጫማ አድርጉ።

ሴንት ሉዊስ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ካሆኪያን አትርሱ። ላሊበላ ከመወቀሩ ጥቂት ቀደም ብሎ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ የኖረበት ከተማ ነው። 30 ሜትር ከፍታ ያለው ዋናው ጉብታ ደረጃ ስላለው እሱን መውጣት ይፈቀዳል።

"እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የአሚሾችን መንደር ለማየት አስበናል።" (ሌላ አንባቢ ከኮለምበስ)

እሁድ አይሆንም። ሆምስ ካውንቲ ውስጥ ያሉት አሚሾች ከዘመናዊ ኑሮ ራቅ ብለው የሚኖሩ ክርስቲያኖች ናቸው፤ እነሱም እሁድን ያከብራሉ፤ ሱቆቻቸው ዝግ ናቸው። ቅዳሜ ሂዱ። የሰው ፊት ፎቶ አታንሱ፤ እምነታቸው አይወድም። ዳገት ላይ ቀስ በሉ፣ ከወዲያ የፈረስ ጋሪ ሊኖር ይችላል።

"ጄፈርስ ያሉትን የድንጋይ ላይ ሥዕሎች ለማየት ሐሳብ አለን፤ ግን ጾም ነው። ገጠር ምን እንበላለን?" (ከሚኒያፖሊስ)

በሚድዌስት ትንንሽ ከተሞች የሜክሲኮ ምግብ ቤት ብዙ ጊዜ አይጠፋም፤ ሩዝና ባቄላ ታገኛላችሁ። የተፈጨው ባቄላ ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ስለሚሠራ ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ ብሆን ከቤት ይዤ እወጣለሁ። ጄፈርስ ዙሪያውን ሰፊ የሣር ሜዳ ስለሆነ ውኃም አብዝታችሁ ያዙ። በድንጋዩ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ቅርጾች ተወቅረዋል፤ የጥንቶቹ ወደ 7,000 ዓመት ይጠጋሉ። እኩለ ቀን ላይ ብርሃኑ ከላይ ስለሚመታቸው ብዙዎቹ አይታዩም። ጸሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከመዝጊያው ሰዓት በፊት ድረሱ።