ይሞታል ወይ ላላችሁኝ ልጆች

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ወሬያችሁ ሁሉ አንድ ሆኗል። «ጋሼ፣ የምር ይገድሉት ይሆን?» ትሉኛላችሁ። ለሰማችሁ ሰው የታመመ ዘመድ ያላችሁ ነው የሚመስለው፤ ነገሩ ግን ኮሚክ በሚባለው በሥዕል የሚተረክ መጽሔት ላይ ስለተሳለ ባለ ካባ ጀግና ነው። የሚቀጥለው ዕትም ሽፋን ላይ ተዘርሮ ስላያችሁት እንቅልፍ አጥታችኋል። አልስቅባችሁም። እኔም በእናንተ ዕድሜ እንዲሁ ነበርኩ። እንዲያውም እስካሁን አልለቀቀኝም።

ሥራዬን ታውቃላችሁ፣ አርታኢ ነኝ። ከ30 ዓመት በላይ የሰው ታሪክ ሳነብና ስሰርዝ፣ «ይህ ሰው እዚህ ጋ ለምን ይሞታል?» እያልኩ ደራሲ ሳስጨንቅ ኖሬያለሁ። እንግዲህ ጥያቄያችሁን እንደ ባለሙያ ልመልሰው።

ይሞት ይሆናል። ከሞተም ይመለሳል።

ይህን ለማለት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ሱፐርማን በ1992 ሞተ፣ በ1993 ተመለሰ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያዙልኝ)። ካፒቴን አሜሪካ በ2007 ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ በጥይት ተመታ፤ የመመለሱ ታሪክ በ2009 ተጀመረ። ፋንታስቲክ ፎር ከሚባለው የጀግኖች ቡድን አንዱ የሆነው ሂውማን ቶርች በጥር 2011 ሞቶ፣ ያው ዓመት ሳያልቅ በኅዳር ብቅ አለ። ሌላው ጀግና ፍላሽ፣ በእውነተኛ ስሙ ባሪ አለን፣ ጨዋ ነበር፤ ከ1985 እስከ 2008 ድረስ 23 ዓመት ሞቶ ቆየ። ድሮ በአንባቢዎች መሀል አንድ ቀልድ ነበረች፤ ከካፒቴን አሜሪካ ረዳት ከባኪ፣ ከባትማን ረዳት ከጄሰን ቶድና ከስፓይደርማን አጎት ከቤን በስተቀር ሞቶ የሚቀር የለም የምትል። በ2005 ባኪም ጄሰንም በአንድ ዓመት ውስጥ ተመለሱ። ቀልዷ ለአጎት ቤን ብቻ ቀረች።

ስለዚህ «ይሞታል ወይ» የሚለውን እንተወውና ወደምትገምቱበት መንገድ እንምጣ። እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው።

አብዛኞቻችሁ የምትገምቱት ከገበያው ነው። ፊልሙ መቼ ይወጣል? ደራሲው ውሉን ጨርሷል? ቀጣዩ ዕትም ቁጥሩ ሞላ ያለ፣ 100 ወይም 500 ነው? በአሜሪካ የኮሚክ ሱቆች መጽሔቱን የሚያዙት ወራት ቀደም ብለው ነው። ያልተሸጠላቸውን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መመለስ አይችሉም። በዚህ የተነሳ አሳታሚው ገና ሳይታተም «ማንም ያልጠበቀው ሞት!» ብሎ መጮህ አለበት። እናንተም ያንን ጩኸት ሰምታችሁ ትተነትናላችሁ። ሽፋን ብቻ አይቶ መተንተን ደግሞ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ሽፋን ሊያታልላችሁ ነው የተሳለው።

አልክድም፣ የገበያ ግምት ብዙ ጊዜ ልክ ይመጣል። የሱፐርማን ሞት ራሱ መነሻው ገበያ ነው። ደራሲዎቹ ያቀዱት ክላርክን፣ ማለትም ሱፐርማንን፣ ከፍቅረኛው ከሎይስ ሌን ጋር ሊድሩ ነበር። በዚያው ሰሞን የሁለቱ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ በዝግጅት ላይ ስለነበር ሠርጉ ይቆይ ተባለ። የዓመት ዕቅዳቸው ባዶ ቀረ። በስብሰባቸው ላይ «እንግዲያው እንግደለዋ!» የምትል የቆየች ቀልድ ነበረቻቸው፤ ያን ጊዜ ቀልዷ ሥራ ሆነች። ሠርጉ በ1996 ተደገሰ፣ በኮሚኩም በድራማውም።

ይህን ሁሉ አስቀድሞ ያወቀ አንባቢ ነበር እንበል። ምን አተረፈ? «ብዬ ነበር» ማለትን። እሷም ለአንድ ቀን ነው የምትጥመው።

አሁን ሌላውን መንገድ ላሳያችሁ። የሱፐርማን ሞት መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት ዕትሞች አግኝታችሁ ጎን ለጎን ዘርጓቸው። ጽሑፉን ተዉት። በየገጹ ያሉትን የሥዕል ሳጥኖች፣ ፓነል የምትሏቸውን፣ ቁጠሩ። በመጀመሪያው ዕትም በየገጹ አራት ናቸው። በሚቀጥለው ሦስት። ከዚያ ሁለት። ሱፐርማን ዱምስዴይ ከሚባለው ጭራቅ ጋር ተዋድቆ በሚወድቅበት በቁጥር 75 ላይ እያንዳንዱ ገጽ አንድ ሥዕል ብቻ ነው። አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ሰዓቱ እዚያው ገጹ ላይ እየቆጠረ ነበር! እኔ መጀመሪያ ሳነበው ልቤ ለምን እንደሚመታ አልገባኝም። ፓነሎቹን የቆጠርኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አፈርኩ፤ ሙያዬ መቁጠር ሆኖ ሳለ።

እንዲህ ያለ ግምት ነው የምመኝላችሁ። ከገጹ የሚነሣ ግምት። ብዙ ጊዜ ትሳሳታላችሁ፣ ግዴለም። የአንድን ሰው ዕጣ ስትገምቱ እንዲህ ጠይቁ፦ መሳቅ ያቆመው መቼ ነው? ቀለሙ የደበዘዘው የት ጋ ነው? ሳያስፈልግ ማንን ተሰናበተ? ደራሲ እንዲህ ያለውን ነገር ዝም ብሎ አይጥልም። ከጣለም አርታኢው ተኝቷል ማለት ነው።

ግምት ግን ጉልበት አለው፣ ተጠንቀቁ። በ1991 የሱፐርማን አሳታሚ ዲሲ አንድ ትልቅ እንቆቅልሽ አወጣ። ከጀግኖቹ አንዱ ወደፊት ሞናርክ የሚባል አምባገነን ይሆናል፤ ማነው? መልሱ ካፒቴን አተም የሚባለው ጀግና እንዲሆን ተዘጋጅቶ ነበር። ምስጢሩ ሾልኮ ወጣና አንባቢው ሁሉ አወቀው። አዘጋጆቹ ደነገጡ። በመጨረሻው ሰዓት መልሱን ለውጠው ሆክ የሚባለውን ሌላ ጀግና አደረጉት። ሲዘሩት የነበረው ፍንጭ ሁሉ መና ቀረ። ታሪኩ ያው ተበላሸ።

እኔም አንድ ሰው ላይ እንዲሁ አድርጌያለሁ። አንድ ወጣት ደራሲ ልብ ወለዱን ይዞልኝ መጣ። ግማሹን አንብቤ «እህቲቱ ልትሞት ነው አይደል?» አልኩት፣ በኩራት። ፊቱ ጠቆረ። በሳምንቱ ሲመለስ እህትየው ድና፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አጎት ሞቶ አገኘሁት። መገመቴ እኮ የመጽሐፉ ድክመት አልነበረም። ዘሩን በደንብ ስለዘራ ነው ቡቃያው የታየኝ። ይህን ልነግረው ሲገባ ብልጠቴን ላሳየው ፈለግሁ። የመጀመሪያውን ረቂቅ እንዲመልስ ሁለት ወር ለምኜዋለሁ።

ከዚህ የባሰም አለ። በ1988 የባትማን ረዳት የሆነው ሮቢን፣ ያው ጄሰን ቶድ፣ ይኑር ወይስ ይሙት የሚለው ለአንባቢ ተሰጠ። በስልክ፣ እያንዳንዱ ጥሪ 50 የአሜሪካ ሳንቲም እየተከፈለበት። ሁለቱም ፍጻሜ ተዘጋጅቶ ነበር። ይሙት ያሉ ጥሪዎች 5,343፣ ይኑር ያሉ 5,271። በ72 ጥሪ ልዩነት አንድ ልጅ ሞተ። የወረቀት ልጅ ነው፣ አውቃለሁ። ግን እነዚያ ጥሪዎች ከታሪኩ የመነጩ አይመስለኝም። የአብዛኛው ደዋይ ስሜት «እስቲ የምር ያደርጉታል?» የሚል ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። እናንተም ዘንድ አልፎ አልፎ ይህ ድምፅ ይሰማኛል። ጀግናችሁ እንዳይሞት ትጨነቁና፣ ካልሞተ ደግሞ «ተሸወድን» ትላላችሁ።

ገዝታችሁ ለማስቀመጥ ለምታስቡት ደግሞ አጭር ቃል አለኝ። የሱፐርማን 75ኛ በጥቁር ፕላስቲክ ታሽጎ ነበር የተሸጠው፣ ውስጡ የሐዘን ጥቁር ጨርቅ ነበረበት። ብዙ ሰው ወደፊት ውድ ይሆናል ብሎ አምስት አስር ገዛና ሳይከፍት አስቀመጠ። ዕትሙ በሚሊዮኖች ተሽጧል፤ ሁሉም ቤት ያለ ነገር ደግሞ አይወደድም። እኔን የሚገርመኝ ገንዘቡ አይደለም። አራት፣ ሦስት፣ ሁለት ቆጥሮ መጥቶ አንድን ሳይከፍት የቀረው ሰው ነው።

አንድ ሌላ ሞት ልጨምርና ልተዋችሁ። በ1982 ማርቭል የሚባለው አሳታሚ ካፒቴን ማርቬል የተባለውን ጀግናውን ገደለው። የድሮውን ማለቴ ነው፣ ማር-ቬልን። ርእሱ ራሱ የካፒቴን ማርቬል ሞት ይላል። የሚገመት ነገር የለም። የገደለው ጠላት ሳይሆን ካንሰር ነው። የዓለሙ ጀግኖች ሁሉ ከነብልሃታቸው መጥተው መድኃኒት አጡለት፤ አልጋው ዙሪያ ቆመው ዝም አሉ። ጻፊውና ሣይው ጂም ስታርሊን የገዛ አባቱን በካንሰር ያጣ ሰው ነው። (የሮቢንን ሞት የጻፈውም እሱ ነው፣ ይገርማል።) ማር-ቬል በኋላ ለአጭር ጊዜ ብቅ ያለባቸው ታሪኮች አሉ፤ ሞቱ ግን እስከ ዛሬ ጸንቷል። ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላስታውስም። ፍጻሜውን ከሽፋኑ አውቄ እጀምራለሁ፣ መጨረሻ ገጾቹ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እዘገያለሁ።

እንግዲህ አዲሱ ዕትም ሳይወጣ ያለፉትን አራት አውጡና ዘርጓቸው። ግምታችሁን ጻፉልኝ፣ ግን ከገጽ ቁጥር ጋር። የፊልም ቀን የጠቀሰ አላነብለትም። እኔም የራሴ ግምት አለኝ፤ የእናንተ እስኪደርሰኝ አልነግራችሁም።