ስለ እንቅልፍና ስለ ጭንቅላት ጠይቁኝ፣ ዛሬ ማታ እመልሳለሁ

አይጥ አስተኚው፦ ሰላም ቤተሰብ። ለማታውቁኝ፣ ስራዬ አይጦች ሲተኙ ጭንቅላታቸው ውስጥ ያሉት የነርቭ ሴሎች ምን እንደሚሰሩ መቅዳት ነው። ሀኪም አይደለሁም፣ ኪኒን አላዝም። ብዙው የምነግራችሁ ደግሞ አይጥ ላይ የታየ ነው፣ አይጥና ሰው አንድ አይደሉም፣ ይቺን ያዙልኝ። አመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

የፒያሳ ልጅ፦ ዶክ፣ ሰው ጭንቅላቱን 10 ፐርሰንት ብቻ ነው የሚጠቀመው የሚባለው እውነት ነው?

አይጥ አስተኚው፦ ውሸት። ቀጣይ።

ሜሪ ፍሬሽ፦ ፋይናል ደርሷል፣ ዶርም ውስጥ ሁሉም ሲያጠና ያድራል። ማደር ይሻላል መተኛት?

አይጥ አስተኚው፦ ተኚ። ይቺ ደግሞ የኔ ሰፈር ናት፣ ላስረዳሽ። በ1971 ጆን ኦኪፍ ከተማሪው ጋር ሆኖ አይጥ ሂፖካምፐስ (ትውስታ ላይ የሚሰራ የጭንቅላት ክፍል) ውስጥ ቦታ የሚለዩ ሴሎች አገኘ፣ አንዱ አይጧ በሩ ጋ ስትደርስ ይበራል (ማለት ምልክት ይልካል)፣ ሌላው ጥጉ ጋ ስትደርስ ይበራል (በ2014 ኖቤል ሞዘር ከሚባሉት ሁለት የኖርዌይ ተመራማሪዎች ጋር የተካፈለው በዚህ ነው)። በ1994 ደግሞ ዊልሰንና ማክኖተን የሚባሉ ተመራማሪዎች ቀን አብረው ሲበሩ የነበሩት ሴሎች አይጧ ስትተኛ እንደገና አብረው ሲበሩ አዩ። ኋላ ላይ ቅደም ተከተሉ ራሱ እንደሚደገም ታየ፣ ማለት ቀን የሄደችበትን መንገድ ተኝታ ትሄደዋለች፣ ያውም አይን ጨፍነሽ እስክትገልጪ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ እኔ እስከዛሬ ስቀዳው ይገርመኛል። በ2009 የፓሪስ ተመራማሪዎች ይሄ ድግግሞሽ የሚመጣበትን ቅጽበት እየጠበቁ በትንሽ ኤሌክትሪክ አቋረጡት፣ እነዛ አይጦች የተማሩትን ቦታ መያዝ ላይ ከሌሎቹ ወደኋላ ቀሩ። አይጥ ነው እሺ? ግን እንቅልፍ ትምህርት እንደሚያጸና ሰው ላይም ብዙ ጊዜ ታይቷል። አምሽተሽ አንብቢ፣ ከዛ ተኚ።

ቦሌ 77፦ እኔ ዲግሪዬን በጫት ነው የጨረስኩት፣ አንድም ቀን አልተኛሁም

ሜሪ ፍሬሽ፦ ስንት ነበር ውጤትህ 😂

ቦሌ 77፦ እሱን ተይው

አይጥ አስተኚው፦ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ መድሀኒት ዘመድ ነው፣ ያነቃል። የነቃ ሁሉ ትምህርት የሚይዝ መስሎህ እንዳትሸወድ። በቃ ጫት ላይ አልመለስም።

የልጆች እናት፦ ዶክተር፣ ልጄን ሌሊት ዱካክ ይይዘዋል። ነቅቶ ሳለ መንቀሳቀስ ያቅተዋል፣ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተቀምጧል ይላል። ተጨነቅኩ።

አይጥ አስተኚው፦ እናቴ አይጨነቁ። ህልም በብዛት በምናይበት እንቅልፍ ጊዜ ጭንቅላታችን ጡንቻችንን ይቆልፈዋል። ዡቬ የሚባል ፈረንሳይ ሊዮን ከተማ የነበረ ሳይንቲስት ድመቶች ላይ ይሄን የሚቆልፈውን ቦታ ሲጎዳው፣ ድመቶቹ ተኝተው ሳለ ተነስተው የሌለ አይጥ ማደን ጀመሩ! ዱካክ የሚባለው አእምሮ ቀድሞ ነቅቶ ቁልፉ ሳይከፈት ሲቀር ነው፣ ከዛ ፍርሀቱ ይጨመርበታል። እንቅልፍ ማጣትና በጀርባ መተኛት ያመጡታል። በጎኑ ይተኛ፣ በሰአቱ ይተኛ። ቶሎ ቶሎ ከመጣበት ሀኪም ይየው፣ እኔ አይደለሁም ሀኪም።

ተክለ፦ ይሄ መንፈስ ነው፣ ፀበል ይውሰዱት

የፒያሳ ልጅ፦ ወንድሜ ሰውየው ድመት ድረስ ሄዶ አስረዳ እኮ

ተክለ፦ ድመትና ክርስቲያን አንድ ነው?

አይጥ አስተኚው፦ እናትየው ሁለቱንም ማድረግ ይችላሉ፣ አንዱ አንዱን አይከለክልም። ክርክሩን እዚህ አታምጡት።

ነርስ ከሪያድ፦ ናይት ሽፍት ነኝ። እንቅልፍ ጭንቅላትን ከቆሻሻ ያጥባል የሚሉት እውነት ነው?

አይጥ አስተኚው፦ በ2013 አሜሪካ ካለው ሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ የወጣው ነው፣ የተኛች አይጥ ጭንቅላት ውስጥ በሴሎች መሀል ያለው ክፍተት 60 ፐርሰንት ያህል ሰፍቶ ቆሻሻው ቶሎ ሲወጣ አየን አሉ። በ2024 ደግሞ የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ሰዎች ለክተው በእንቅልፍ ጊዜ መውጣቱ እንደውም ይቀንሳል አሉ። ሁለቱም አይጥ። ዩቲዩብ ላይ ግን ሁሉም አልቆለት ያስተምራል። እኔ ገና ነው ባይ ነኝ።

ህልመኛው፦ ጥርሴ ሲወልቅ አየሁ ምን ማለት ነው

አይጥ አስተኚው፦ አላውቅም።

ጫልቱ፦ እንስሳት ሁሉ ይተኛሉ እንዴ?

አይጥ አስተኚው፦ ጥያቄ እንዲህ ነው! ቦትስዋና ውስጥ ሁለት የዱር ዝሆኖች ተለክተው በቀን በአማካይ 2 ሰአት ብቻ ነበር የሚተኙት። አንታርክቲክ ላይ ጎጆ የሚጠብቁ ፔንግዊኖች በቀን ከ10,000 ጊዜ በላይ ያንጎላጃሉ፣ እያንዳንዷ 4 ሰከንድ ገደማ፣ ሲደመር ከ11 ሰአት ያልፋል። ጭራሽ ጭንቅላት የሌለው ጄሊፊሽ ሌሊት ይረጋጋል፣ ካስቸገሩት በማግስቱ ይደክመዋል (2017)። ታዲያ እንቅልፍ የጭንቅላት ነገር ብቻ ነው? እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

ቦሌ 77፦ 4 ሰከንድ እንቅልፍ አይባልም፣ ታክሲ ውስጥ እኔም አደርገዋለሁ

ጫልቱ፦ አንተ ወራጅ እያለፈህ ነው፣ እነሱ ጎጆ እየጠበቁ ነው

የፒያሳ ልጅ፦ ዶክ እንደው ጭንቅላት ሹል እንዲሆን ምን ይደረግ?

አይጥ አስተኚው፦ የቱ ጭንቅላት፣ ለምን ስራ? ጥያቄህን አስተካክለህ ና።

የፒያሳ ልጅ፦ እሺ ቡና ስንት ሰአት ላይ ላቁም?

አይጥ አስተኚው፦ ይሄ ይመለሳል። የካፌይን ግማሹ ከደም ለመውጣት 5 ሰአት አካባቢ ይፈጃል፣ ሰው ከሰው ይለያያል። ከሰአት 10 ሰአት የጠጣኸው ማታ 3 ሰአት ላይ ግማሹ አለ።

የልጆች እናት፦ በረካውም ጭምር?

አይጥ አስተኚው፦ በረካው ቢቀጥንም አለው እናቴ። ግን ሰው ቤት ሄዶ ቶና ላይ የተነሳ እንግዳ ምን እንደሚባል አውቃለሁ፣ እሱ ላይ አልፈርድም።