ሒሳብ ያልተማረ ኃላፊ የድርጅቱን ፋይናንስ ለመረዳት ከየት ይጀምር?

«የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ አሁን የክፍል ኃላፊ ሆኜ በየወሩ የሒሳብ ሪፖርት ይቀርብልኛል፤ ለመረዳት ከየት ልጀምር?» ብለው ለጠየቁት፣ እኔም ወደ አመራር የመጣሁት ከምርት ክፍል ስለሆነ ያለፍኩበትን ላካፍልዎ።

በኃላፊነት በተቀመጥኩበት የመጀመሪያ ዓመት ሽያጫችን አድጎ፣ የትርፍና ኪሳራ መግለጫውም ጥሩ ትርፍ እያሳየ፣ ለጥሬ ዕቃ አቅራቢዎች በወቅቱ መክፈል አቃተን። ነገሩ ግራ ቢያጋባኝ ሒሳብ ሹማችንን «ትርፉ የት ገባ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ከፊሉ መጋዘን ውስጥ ነው፣ ከፊሉ ደንበኞች እጅ» አለችኝ። ለእኔ ትምህርቱ የጀመረው በዚህ መልስ ነው፤ እርስዎም በትርፍና በጥሬ ገንዘብ መካከል ካለው ልዩነት እንዲጀምሩ አጥብቄ እመክራለሁ።

ሽያጭ በትርፍና ኪሳራ መግለጫ የሚመዘገበው ዕቃው ለደንበኛው ሲተላለፍ እንጂ ገንዘቡ ሲሰበሰብ አይደለም። ማሽን ሲገዛ ገንዘቡ ወዲያው ይወጣል፤ ወጪው ግን ማሽኑ በሚያገለግልባቸው ዓመታት ተከፋፍሎ በእርጅና ተቀናሽነት ይመዘገባል። የብድር ወለድ ትርፍን ይቀንሳል፤ የዋናው ብድር ክፍያ ግን ከካዝና ቢወጣም በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ አይታይም። ስለዚህ ይህን መግለጫ ከሀብትና ዕዳ መግለጫው (ድርጅቱ በአንድ ቀን ላይ ያለውን ሀብትና ያለበትን ዕዳ ከሚያሳየው) እና ከጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫው (የገባና የወጣ ገንዘብን ከሚያሳየው) ነጥሎ ማንበብ ያሳስታል።

የእኛን ችግር በቀናት ስናሰላው በጣም ግልጽ ሆነ። ዕቃ በመጋዘን በአማካይ 70 ቀን ይቆይ ነበር፣ ከተሸጠ በኋላ ደንበኛው በ60 ቀን ይከፍል ነበር፣ እኛ ደግሞ ለአቅራቢ የምንከፍለው በ30 ቀን ነበር። 70 እና 60 ተደምረው 30 ሲቀነስ፣ ገንዘባችን ለ100 ቀናት ታስሮ ይቆይ ነበር ማለት ነው። ሽያጭ ባደገ ቁጥር የሚታሰረው ገንዘብም አብሮ ያድጋል፤ ትርፋማ ድርጅት በማደግ ላይ እያለ ገንዘብ የሚያጥረው በዚህ ምክንያት ነው። እነዚህን ቀናት የሚወስኑት ግን በአብዛኛው የሒሳብ ባለሙያዎች ሳይሆኑ የግዢ፣ የመጋዘንና የሽያጭ ኃላፊዎች ናቸው። እኔ ራሴ «እንዳይጎድል» እያልኩ ያከማቸሁት ጥሬ ዕቃ ከ70ው ቀን ውስጥ ትልቁን ድርሻ ይዞ ነበር፤ ይህን ሳውቅ በእውነት ደነገጥኩ።

ከዚህ ቀጥሎ የገንዘብን የጊዜ ዋጋ ይረዱ። ዓመታዊው የገንዘብ ዋጋ፣ ማለትም ገንዘቡን ለመጠቀም በዓመት የሚከፈለው ወይም የሚታጣው ጥቅም፣ 10 በመቶ ከሆነ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚገኝ 121 ብር የዛሬ 100 ብር ብቻ ነው። ብዙ ኃላፊዎች አዲስ ማሽን ሲያስፈቅዱ «ወጪውን በስንት ዓመት ይመልሳል?» ብለው ብቻ ያሰላሉ፤ ይህ ስሌት የጊዜን ዋጋም ሆነ ገንዘቡ ከተመለሰ በኋላ የሚመጣውን ገቢ አያይም። የባለቤቶች ገንዘብም ወለድ ስለማይከፈልበት ነፃ መስሎ እንዳይታይዎ፤ እነርሱም ሌላ ቦታ ቢያውሉት ሊያገኙት የሚችሉትን ጥቅም ይጠብቃሉ።

የትርፋማነት መለኪያዎችን በተመለከተ አንዱን ብቻ ልጥቀስ። ከሽያጭ የሚተርፈው 5 በመቶ ቢሆን፣ ሽያጩም የጠቅላላ ሀብቱ ሁለት እጥፍ ቢሆን፣ በሀብቱ ላይ የተገኘው ትርፍ 10 በመቶ ነው። ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ማሽን ወይም ክምችት ይህን ቁጥር ዝቅ እንደሚያደርገው ልብ ይበሉ፤ የዋጋ ጭማሪ ብቻ መፍትሔ የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ጎን ይዘነጉታል።

መጽሐፍ ከመግዛትዎ በፊት ባለፈው ወር የወሰኑትን አንድ ውሳኔ፣ ለምሳሌ አንድ ትልቅ ግዢ፣ ይምረጡና ከሒሳብ ሹምዎ ጋር አንድ ሰዓት ተቀምጠው በሦስቱም መግለጫዎች ላይ የት የት እንዳረፈ ይከታተሉት። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ለደንበኛ የተሰጠ የዱቤ ሽያጭ ይውሰዱ። እኔ ይህን ለስድስት ወራት ያህል ካደረግሁ በኋላ ሪፖርቱን ያለ አስረጂ ማንበብ ቻልኩ።