ከሳምሰንግ ወደ አይፎን ስትቀይሪ የጠፋው የልደት ቀን፦ ለጠየቅሽው መልስ

እህቴ፣ የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሳምሰንግሽ ላይ የቤተሰቡን ልደት ሁሉ መዝግበሽ ነበር፤ አይፎን ስትይዢ ግን ግማሹ ካሌንደሩ ላይ አልመጣም። ሁለተኛ፣ ከመጣው ውስጥ የአንዳንዱ ሰው ልደት በአንድ ቀን ዝንፍ ብሎብሻል። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ እህቶቼ አሜሪካና ዱባይ ናቸው፤ የቤተሰቡን ልደት ይዤ የማስታውሰው እኔ ስለሆንኩ ሁለቱንም ችግር በደንብ አውቃቸዋለሁ። ምክንያታቸው የተለያየ ነውና ለየብቻ ልንገርሽ።

የልደት ቀን ስልክ ውስጥ ሁለት ቦታ መቀመጥ ይችላል። አንዱ ካሌንደሩ ላይ እንደ ማንኛውም ቀጠሮ ነው። ሌላው ኮንታክቱ ላይ፣ ከሰውየው ስምና ስልክ ቁጥር ስር። ኮንታክቱ ላይ ከሆነ ካሌንደሩ ራሱ እያነበበ በየዓመቱ ያወጣልሻል። የኔ ምክር ያለ ምንም ማመንታት ኮንታክቱ ላይ አድርጊው ነው። ቀኑ ቢስተካከል አንድ ቦታ ብቻ ትነኪያለሽ፣ ማስታወሻው ሲመጣም ቁጥሩ እዚያው ስላለ ወዲያው ትደውያለሽ።

ዋናው ጥያቄ ግን ኮንታክቱ ራሱ የት ነው ያለው የሚለው ነው። ሳምሰንግ አዲስ ስም ስትመዘግቢ የት ይቀመጥ ብሎ ምርጫ ይሰጥሻል፦ ስልኩ ላይ፣ ሲም ላይ፣ ሳምሰንግ አካውንት ላይ ወይስ ጉግል ላይ። አብዛኛው ሰው ሳያየው ያልፈዋል። ሲም ካርድ ስምና ቁጥር እንጂ ልደት የሚይዝበት ቦታ የለውም። ስልኩ ላይ የተቀመጠው ከዚያ ስልክ በራሱ አይወጣም፤ ስልኩ ከተሰረቀ አብሮ ይሄዳል። ሳምሰንግ አካውንት ላይ ያለውን አይፎን አያገኘውም። ወደ አይፎንሽ በራሱ የሚሻገረው ጉግል ላይ ያለው ነው። ያንቺም ግማሹ የመጣው፣ ግማሹ የቀረው በዚህ ምክንያት እንደሆነ አልጠራጠርም።

ስለዚህ አሮጌውን ስልክ ለማንም ሳትሰጪ ክፈቺው። ልደቱ ያልመጣውን አንድ ሰው ኮንታክት ውስጥ ገብተሽ የት እንደተቀመጠ እይ። ከዚያ የኮንታክት ማስተካከያው ውስጥ ኮንታክቶችን ማዛወሪያ አለ፤ በእሱ ሁሉንም ወደ ጂሜይል አካውንትሽ አዛውሪ። ቀጥሎ ያለውን በፍጹም እንዳትዘልዪው፦ ኮምፒውተር ላይ በዚያው ጂሜይል ገብተሽ ጉግል ኮንታክትስን ክፈችና ሰዎቹ ከነልደታቸው መኖራቸውን በዓይንሽ አረጋግጪ። እዚያ ከታዩ የትም አይጠፉም። እዚያ ካልታዩ አይፎኑን መነካካት ድካም ብቻ ነው።

አይፎኑ ላይ ሴቲንግ፣ አፕስ፣ ኮንታክትስ፣ ከዚያ አካውንት ብለሽ ጂሜይልሽን አስገቢና የ«ኮንታክትስ» ማብሪያውን አብሪው። የቆየ ሲስተም ከሆነ አፕስ የሚለውን አታገኚም፣ ኮንታክትስ ሴቲንግ ላይ በቀጥታ አለ። ብዙ ሰው የ«ካሌንደር» ማብሪያውን ብቻ አብርቶ ልደቱ አልመጣም ይላል። የጉግል ካሌንደር የልደት ዝርዝር በዚያ መንገድ አይመጣም፤ የሚመጣው በኮንታክቱ በኩል ነው፣ አይፎኑም የራሱን ዝርዝር ከዚያ ያወጣል። ከዚያ የካሌንደር አፑን ከፍተሽ ከታች «ካሌንደርስ» የሚለውን ስትነኪ «በርዝዴይስ» ላይ ምልክት መኖሩን እይ። እዚያው ኮንታክትስ ሴቲንግ ውስጥ አዲስ ስም የሚቀመጥበትን አካውንት ወደ ጂሜይል ቀይሪ፤ ካልቀየርሽ ከዛሬ ጀምሮ የምትመዘግቢው አይክላውድ (የአፕል ማከማቻ) ላይ ሊሄድና ሳምሰንግሽ ላይ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። አንድ ልደት ሁለት ጊዜ ከታየሽ፣ ወይ ሰውየው ሁለት አካውንት ላይ ተመዝግቧል ወይ ሁለት የልደት ዝርዝር በርቷል፤ አንዱን አጥፊ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልምጣ፤ የእኛን አገር ሰው በተለይ የሚነካው እሱ ነው።

ስልኩ ልደትን በየዓመቱ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ቀን ነው። የእኛ ቀን ደግሞ በአራት ዓመት አንዴ ይገፋል። በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን 6 ስለምትሆን ቀጥሎ የሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ የሚገባው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ላይ ነው። ከዚያ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 እስኪያልፍ ድረስ ሁሉም ቀን አንድ ቀን ወደፊት ይሄዳል። በ2016 ጥምቀት ጃንዋሪ 19 መሆኑ ቀርቶ 20 ላይ የዋለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ባለው ውስጥ የተወለደ ሰው ሁሉ ይህ ጣጣ ይነካዋል። ከየካቲት 22 እስከ ጳጉሜን 5 የተወለደ ግን ቀኑ በየዓመቱ አይነቃነቅም፤ የዓድዋ ቀን የካቲት 23 ሁልጊዜ ማርች 2 እንደሚሆነው ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ በቅርብ ላሳይሽ። እናቶቻችን ቀን ሲጠየቁ «በሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ» ነው የሚሉሽ። ይህ ኅዳር 11 ቀን 1980 ነው። 1980 ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር የእኛን ቀን ወደ ፈረንጆቹ የሚቀይር ትክክለኛ መቀየሪያ ኖቬምበር 21 ቀን 1987 ይላል። ይህንን ስልኩ ላይ ካስገባሽ በአብዛኛው ዓመት ልደቱ ኅዳር 12፣ ማለትም ዋዜማው ሳይሆን ሚካኤል ዕለት ላይ ይወጣል። እናቱ በዋዜማው ደውለው ይመርቁታል፣ ያንቺ ስልክ በማግስቱ ያስታውስሻል። ቀኑ የተሳሳተ መስሎሽ ከሆነ፣ አልተሳሳተም።

እኔ የምለየው እንዲህ ነው። ሰውየው ልደቱን የሚያከብረው በፓስፖርቱ ቀን ከሆነ፣ ውጭ ያደጉት ልጆች ባብዛኛው እንዲያ ናቸው፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን አስገቢ። ቤተሰቡ በእኛ ቀን የሚያከብር ከሆነ ደግሞ ዘመነ ዮሐንስ ባልሆነ ዓመት የሚውልበትን ቀን አስገቢ፣ በምሳሌው ኖቬምበር 20ን። ዘመነ ዮሐንስ ሲመጣ ብቻ አንድ ቀን ጨምረሽ አስቢ፤ የሚቀጥለው 2020 ነው፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ይገባል። በሁለቱም መንገድ ግን ዋናውን የኢትዮጵያ ቀን ኮንታክቱ ላይ «ኖት» የሚለው ቦታ በፊደል ጻፊው፦ «ኅዳር 11 ቀን 1980፣ የሚካኤል ዋዜማ» ብለሽ። ይህን የምለው ከልቤ ነው። እናቶቻችን ይህን ቀን የያዙት በቃላቸው ነው፤ እነሱን ሳትጠይቂና ሳትጽፊ ከቀረሽ ኋላ ከየትም አታገኚውም።

ዓመተ ምሕረቱንም አደራ። 1980ን እንዳለ ካስገባሽው ስልኩ ሰውየውን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስረጀዋል። በተራ ዓመት እስከ ታኅሣሥ 22 የተወለደ ከሆነ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ ስምንት ትደምሪያለሽ። ዓመቱን ካላወቅሽው ባዶ ተዪው፤ ሁለቱም ስልክ ወርና ቀን ብቻ ይቀበላል። አንድ ነገር ብቻ፦ ኮንታክት ከአይፎን አውጥተሽ በቪሲኤፍ ፋይል ወደ አንድሮይድ ስትልኪ፣ ዓመት የሌለው ልደት 1604 ሆኖ ሊመጣ ይችላል። አይፎን ለባዶው ዓመት የሚያስቀምጠው ቁጥር ነው፤ ጉግል ኮንታክትስ ላይ ዓመቱን ብቻ አጥፊው።

ስለ ማስታወሻው ሰዓትም ልጨምር። ውጭ አገር ካለሽ ስልክሽ የሚያስታውስሽ በአንቺ ሰዓት ነው። ዋሽንግተን ጠዋት በእነሱ 9 ሰዓት ላይ ቢጮህ አዲስ አበባ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ሆኗል፣ ቀኑ ሊመሽ ነው። ስለዚህ የልደት ማስታወሻውን ከአንድ ቀን በፊት አድርጊው። ካሌንደር ላይ በእጅ የምታስገቢው ልደት ካለም «ሙሉ ቀን» በይው። አዲስ አበባ ሆነሽ እኩለ ሌሊት ብለሽ በሰዓት ካስገባሽው ዋሽንግተን ላይ የዋዜማው ከሰዓት በኋላ ሆኖ ይታያል።

እህት ወንድሞችሽም እንዲያዩት ከፈለግሽ፣ ከኮንታክት የሚወጣውን የልደት ዝርዝር ማጋራት አይቻልም። ጉግል ላይ «የቤተሰብ ልደት» የሚል አዲስ ካሌንደር ከፍተሽ፣ ሙሉ ቀንና በየዓመቱ የሚደጋገም አድርገሽ አስገቢና በጂሜይላቸው አጋሪያቸው። የኛ ቤት የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ዱባይ ያለችው እህቴ የአባታችንን ልደት ከኔ እኩል ታየዋለች።

ኮንታክቶቹን ስታዛውሪ ምርጫው ካልወጣልሽ የሳምሰንግሽን ሞዴልና ኮንታክቱ የት እንደተቀመጠ የሚያሳየውን ስክሪንሾት እዚህ ስር ለጥፊልኝ። የሰዎቹን ስልክ ቁጥርና የልደት ቀን ግን ከመለጠፍሽ በፊት ሸፍኚው።