ቋሚ መቀመጫ የሚሰጠው በምን መስፈርት ነው?

ጥያቄ፦ በአዳማ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። አንድ አገር በጸጥታው ምክር ቤት ቋሚ አባል ለመሆን ማሟላት ያለበት የሕዝብ ብዛት ነው፣ ሀብት ነው ወይስ የጦር ኃይል? ተማሪዎቼ ጠይቀውኝ አጥጋቢ መልስ አጣሁ።

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ መልስ ያጡት መስፈርቱ ከነጭራሹ ስላልተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር በአንቀጽ 23 አምስቱን አገሮች በስም ጠርቶ ያልፋል እንጂ ለምን እንደተመረጡ አያብራራም፤ ምክንያቱ የጦርነቱ አሸናፊዎች መሆናቸው ነበር። ጽሑፉ በዚህ ረገድ ባለመሻሻሉ፣ ሩሲያ ዛሬ የያዘችው መቀመጫ እስካሁን በሶቪየት ኅብረት ስም ሰፍሮ ይገኛል።

የሚገርመው፣ መስፈርት የተቀመጠው ለሁለት ዓመት ለሚመረጡት ተለዋጭ አባላት ብቻ ነው፦ ለዓለም ሰላም ያደረጉት አስተዋጽኦና ፍትሐዊ የመልክዓ ምድር ስርጭት። ለሰላም ማስከበር ብዙ ወታደር ስታሰልፍ የኖረችው ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 የተቀመጠችው በዚህ በር ገብታ ነው። ይኸው መለኪያ ለቋሚዎቹም ቢሠራ ኖሮ፣ አፍሪካ ያለ አንድ ቋሚ መቀመጫ ባልቀረች ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሕንድና ብራዚል የሕዝብ ብዛታቸውን፣ ጃፓንና ጀርመን የገንዘብ መዋጯቸውን ያነሣሉ። የአፍሪካ ኅብረት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2005 በኤዙልዊኒ ስምምነት ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት ያላቸው ሁለት ቋሚ መቀመጫዎች ጠይቋል፤ የሚቀመጡበትን አገሮች እኔው ልምረጥ ቢልም፣ እነማን እንደሚሆኑ ግን በስም አልጠራም። ያም ሆነ ይህ፣ በአንቀጽ 108 መሠረት ማሻሻያው ከአባል አገሮች የሁለት ሦስተኛውን፣ ከዚያም ውስጥ የአምስቱንም ቋሚ አባላት ማጽደቂያ ይሻል።