በማክቴሽ ራሞን ጨለማ ውስጥ ጋላክሲ ስለማየት፦ ጥያቄና መልስ

ጨረቃ በማትታይበት የሚያዝያ ሌሊት ጋላክሲዎችን ለማየት በእስራኤል ነገቭ በረሃ ወዳለው ትልቅ ጎድጓዳ ስፍራ፣ ወደ ማክቴሽ ራሞን ለመውረድ ስለተቀጣጠርን፣ ከጉዞው በፊት የምታነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ እመልሳለሁ። አስቀድሜ የማሳስበው አንድ ነገር አለ፤ ቴሌስኮፖቹ ከተተከሉ በኋላ የስልክም ሆነ የመኪና ነጭ ብርሃን በፍጹም አይበራም።

ጥያቄ (ከአሽዶድ)፦ ጋሼ፣ የመስታወቱ ስፋት 10 ኢንች የሆነ ዶብሶኒያን (በቀላል መቆሚያ ላይ የሚዞር ቴሌስኮፕ) አለኝ፤ ቤቴም ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ይህን ያህል ትልቅ መስታወት እያለኝ እስከ ነገቭ መውረድ ለምን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ኮከብ ነጥብ ስለሆነ መስታወቱ የሰበሰበው ብርሃን ሁሉ እዚያችው ነጥብ ላይ ያርፋል፤ ኮከቡም ይደምቃል። ጋላክሲ ግን የተዘረጋ ነገር ነው። ቴሌስኮፑ ብርሃኑን ሲሰበስብ ምስሉንም አብሮ ስለሚያሰፋው፣ የጋላክሲው ገጽ ለባዶ ዓይን ካለው ድምቀት አያልፍም፤ የምናተርፈው ግዝፈቱን ነው። ስለዚህ ጋላክሲ ለዓይን የሚለየው ከጀርባው ያለው ሰማይ ሲጠቁር ብቻ ነው። በአሽዶድ የከተማው ብርሃን የሰማዩን ጀርባ ስለሚያነጣው፣ የቴሌስኮፕህ ትልቅነት የጋላክሲውን እምብርት ያሳይህ እንደሆነ እንጂ ክንዶቹን አያሳይህም። ማክቴሽ ራሞን እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለም አቀፍ የጨለማ ሰማይ ፓርክ ተብሎ ዕውቅና አግኝቷል፤ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲም ባለ 1 ሜትር መስታወት ቴሌስኮፑን እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የሚጠቀምበት ዋይዝ የተባለው የምርምር ጣቢያ የሚገኘው እዚያው ሚጽፔ ራሞን አጠገብ ነው። ቴሌስኮፕህን ጭነህ ና።

ጥያቄ (ከቤር ሸባ)፦ ጥሩ ቴሌስኮፕ የትኛው ነው?

መልስ፦ ምን ያህል ገንዘብ እንዳለህ፣ መኪና እንዳለህና ምን ማየት እንደምትፈልግ ካልነገርከኝ መልስ የለኝም። መጥተህ በሌሎች ቴሌስኮፕ ካየህ በኋላ ግዛ።

ጥያቄ (ከኪርያት ጋት)፦ እኔ ጀማሪ ነኝ። ከየትኛው ጋላክሲ ብጀምር ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከኤም 81 እና ከኤም 82 ጀምሪ (ኤም እና ኤንጂሲ የሰማይ አካላት የተመዘገቡባቸው መዝገቦች ምልክት ናቸው)። ሁለቱም 12 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት (ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት) ያህል ይርቃሉ፤ በዝቅተኛ ማጉላት ጎን ለጎን ሆነው ይታያሉ። ኤም 81 ክብ መሰል ለስላሳ ጉም ሲሆን፣ ኤም 82 ቀጭን ሆኖ ወገቡ ላይ በጥቁር አቧራ የተቆረጠ ነው፤ ያን ቁራጭ ሳታዪ ወደ ሌላ አትለፊ። ከዚያ ወደ አንበሳው ኅብረ ኮከብ ኋላ እግር ሂጂ፤ ኤም 65፣ ኤም 66 እና ኤንጂሲ 3628 በአንድ ዕይታ ውስጥ ይገባሉ። ሦስተኛው በጠርዙ በኩል ወደ እኛ ስለዞረ ረዥምና ደብዛዛ ነው፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ብቻ አይቶ ይሄዳል። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ደግሞ ቪርጎ ክላስተር ወደተባለው የጋላክሲዎች ክምችት እንገባለን። ኤም 84 እና ኤም 86ን መሐል አድርገሽ ቴሌስኮፑን ቀስ እያልሽ ወደ ምሥራቅ ስትገፊው፣ ጋላክሲዎቹ ተሰልፈው ይመጣሉ። በዚያው አካባቢ ያለው ኤም 87 ለዓይን ክብ ጉም ብቻ ነው፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 10 ቀን 2019 ፎቶው የወጣው ብላክ ሆል ያለው በእሱ እምብርት ነው። ከ50 ሚሊዮን ዓመት በፊት የተነሣ ብርሃን ዓይንሽ ውስጥ ሲገባ ማወቅ፣ ለእኔ ይህን ሁሉ መንገድ የሚያስነዳ ምክንያት ነው።

ጥያቄ (ከኔታንያ)፦ ስልኬን ብርሃኑን ቀንሼ ብጠቀምስ?

መልስ፦ ከላይ ተጽፏል፤ አይቻልም።

ጥያቄ (ከሎድ)፦ በፎቶ የሚታየው ሰማያዊና ሮዝ ቀለም ለእኔ ታይቶኝ አያውቅም። ቴሌስኮፔ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም። በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩት የዓይናችን ሴሎች ቀለም አይለዩም፤ በዚያ ላይ በዓይን መሐል ላይ የሉም፣ ዙሪያውን ነው የተበተኑት። ስለዚህ ጋላክሲን ፊት ለፊት አፍጥጠህ ካየኸው ይጠፋብሃል፤ ትንሽ ወደ ጎን አተኩረህ ግን ልብህን ጋላክሲው ላይ ስታደርግ ተመልሶ ይመጣል። ሴሎቹ በሚገባ እስኪነቁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጨለማ ይፈልጋሉ፤ አንድ ሰው ለቅጽበት ስልኩን ሲያበራ ያ ሁሉ ጥበቃ ከንቱ ይቀራል። ነጭ ብርሃን የምከለክለው ለዚህ ነው።

ኤም 51ን ምሳሌ ላድርግ። የትልቁ ድብ ጭራ ጫፍ ኮከብ አጠገብ ነው። መጀመሪያ የሚታይህ ሁለት ደብዛዛ እምብርት ብቻ ነው። አምስት ደቂቃ ስትቆይ በትልቁ ዙሪያ ጭጋግ ይሰፋል። አሥር ደቂቃ ስትቆይ ጭጋጉ ወጥ አለመሆኑን ታውቃለህ፤ አንዱ ወገን ይጠቁራል፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ይነጣል። ከዚያ አየሩ ረጋ ባለባት ቅጽበት ጥምዝ ክንዱ ይገለጥና መልሶ ይሰወራል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ሎርድ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1845 አየርላንድ ውስጥ ይህን ጥምዝ መጀመሪያ ሲያይና ሲሥል 1.8 ሜትር የሚሰፋ መስታወት ነበረው፤ እኛ በ10 ኢንች የምናየው ምን እንደምንፈልግ አስቀድመን ስለምናውቅ ነው። አንድ ጋላክሲ ላይ ሃያ ደቂቃ መቆየት፣ በየደቂቃው ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለሉ ሃያ ጋላክሲ ከማየት እጅግ ይበልጣል።

አስተያየት (ከሪሾን)፦ ካሜራ የተገጠመለት አዲሱ ቴሌስኮፕ በአሥር ደቂቃ ኤም 51ን ከነቀለሙ ያሳያል፤ ያውም ከከተማ ሆኖ። ይህን ሁሉ ትዕግሥት ማን ይፈልጋል?

አስተያየት (ከአሽዶድ)፦ ወንድሜ፣ የአንተን ፎቶ ቤቴ ሆኜም ማየት እችላለሁ። ወደ በረሃ የምወጣው ብርሃኑን ራሱን በዓይኔ ለመቀበል ነው።

አስተያየት (ከሪሾን)፦ የዓይን ጉዳት ያለባቸው ወላጆቼ ጋላክሲን መጀመሪያ ያዩት በዚሁ ካሜራ ነው። ይህን ማናናቅ ተገቢ አይደለም።

መልስ፦ ይህ መልካም ምክንያት ነው፤ የካሜራው ቦታ ግን ከሌሎቻችን ርቆ ከመኪናዎቹ ጀርባ ይሆናል፣ ስክሪኑም በቀይ ፕላስቲክ ይሸፈናል። ክርክሩ እዚህ ላይ ያብቃ።

ጥያቄ (ከቤር ሸባ)፦ የትኛውን የዓይን ሌንስ (ዓይናችንን አስጠግተን የምናይበትን) ላምጣ?

መልስ፦ የአሽዶዱን ወንድማችንን ቴሌስኮፕ እንውሰድ፤ የትኩረት ርዝመቱ (ከመስታወቱ ምስሉ እስከሚፈጠርበት ያለው ርቀት) 1,250 ሚሊ ሜትር ነው እንበል፤ ይህ ለሌንሱ ቁጥር ሲካፈል ማጉላቱን ይሰጣል። ባለ 25 ሚሊ ሜትር ሌንስ 50 ጊዜ ያጎላል፤ ለማግኘት ይጠቅማል። ካገኘህ በኋላ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ቀይር፤ 125 ጊዜ ሲያጎላ የሰማዩ ጀርባ ይጠቁራል፣ ጋላክሲውም ዓይን ሊለየው በሚችል መጠን ይገዝፋል። ጋላክሲ ዝቅተኛ ማጉላት ብቻ ይፈልጋል የሚባለው ትክክል አይደለም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ አንድሮሜዳ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። በዚያ ሌሊት ስሟን የያዘውን ጋላክሲ ታያላችሁ?

አስተያየት (ከቴል አቪቭ)፦ የታሰረችበት ዐለት ግን ያፎ ወደብ ላይ ነው ይባላል፤ የጥንቱ አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ጆሴፈስም የሰንሰለቱን ምልክት ጠቅሷል።

አስተያየት (ከአዲስ አበባ)፦ ዐለቱ የትም ይሁን፣ አባቷ ሴፌዎስ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው የሚባለው።

መልስ፦ ሁለቱም በጥንታዊ ጽሑፎች አሉ፤ ወደ ሰማዩ እንመለስ። በሚያዝያ ምሽት የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ከፀሐይ ብዙም ሳይቆይ ይጠልቃል፤ ለእሱ እስከ መስከረም መጠበቅ ነው። እናንተ አዲስ አበባ ያላችሁ ግን እኛ የማናገኘው አላችሁ። ሴንታውረስ ኤ የተባለው ጋላክሲ ለራሞን ከአድማስ 16 ዲግሪ ገደማ ብቻ ሲነሣ፣ ለእናንተ 38 ዲግሪ ድረስ ይወጣል። ትልቁ የማጌላን ደመና የተባለው ጎረቤት ጋላክሲ ደግሞ እኛ ዘንድ ፈጽሞ አይወጣም፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ከአዲስ አበባ ርቃችሁ ደቡቡ ክፍት የሆነ ቦታ ብትቆሙ በባዶ ዓይን ታገኙታላችሁ፤ ወደ ቦረና በወረዳችሁ ቁጥርም ከፍ ይላል።

ጥያቄ (ከዲሞና)፦ ጊንጥ አለ?

መልስ፦ አለ። ጫማችሁ የተዘጋ ይሁን፤ ድንጋይ አታንሡ፤ ከተፈቀደው ቦታም አትውጡ፣ አካባቢው የጦር ሠራዊት የተኩስ ቀጠና አለበት።

ጥያቄ (ከኪርያት ጋት)፦ በረሃ ስለሆነ ጤዛ አያሰጋንም?

መልስ፦ የነገቭ ደጋ ጤዛ ብዙ ነው። ሌንሶችሽን ካልተጠቀምሽባቸው ክደኛቸው፤ የረጠበ መስታወት ደግሞ በጨርቅ አይጠረግም፣ ይጫጫራል። ቴሌስኮፑን ፀሐይ ሳትጠልቅ አውጥተሽ ትከዪው፤ መስታወቱ ከአየሩ ጋር እኩል እስኪቀዘቅዝ ምስሉ ይንቀጠቀጣል።

ጥያቄ (ከኔታንያ)፦ ሻራቭ (ትኩሱ የበረሃ ነፋስ) ከነፈሰስ? የስልክ ካርታ ለማየትስ መብራት አያስፈልገንም?

መልስ፦ ሻራቭ አቧራ ካነሣ ሰማዩ ከዋክብት ቢኖሩትም ጋላክሲዎቹ ይጠፋሉ፤ እንዲህ ከሆነ በዋዜማው አስታውቄ ወደሚቀጥለው ጨረቃ አልባ ሌሊት እናዛውረዋለን። ካርታውን በወረቀት አትመህ፣ ባትሪህን በቀይ ፕላስቲክ ሸፍነህ ና። ስልኩን ለሦስተኛ ጊዜ አልመልስም።